ሚዛንና ጥርጥር
የልኬት ስሕተት እንዴት እንደሚገመት

ንግድና ሚዛን የማይለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የማያውቅ ነጋዴ የለም። ቡናው፣ ሰሊጡ፣ ብረቱ፣ ሲሚንቶውና ነዳጁ ሁሉ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው የሚተላለፈው ተመዝኖ ወይም ተለክቶ ነው። ሒሳቡ የሚሠራው፣ ግብሩ የሚከፈለው፣ ክርክር በተነሣም ጊዜ ፍርዱ የሚሰጠው ሚዛኑ በተናገረው ቍጥር ነው። ይሁን እንጂ ያ ቍጥር ምን ያህል እንደሚታመን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ብዙዎቻችን ቍጥሩን እንደ ማኅተም አድርገን እንቀበለዋለን። ሁለት ሚዛኖች የተለያየ ቍጥር በሰጡ ጊዜም ወይ ከሁለቱ አንዱ ሐሰተኛ ነው፣ ወይም በመካከል ሌባ ገብቷል ብለን ወዲያው እንፈርዳለን።

መሐንዲሶች ግን ጕዳዩን በሌላ ዓይን ይመለከቱታል። በእነርሱ ዘንድ ማንኛውም ልኬት ሁለት ነገሮችን መያዝ አለበት፤ አንደኛው ቍጥሩ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ እውነተኛው ልክ ከዚያ ቍጥር ወዲህና ወዲያ ሊገኝ የሚችልበት ወሰን ነው። ይህን ወሰን በዚህ ጽሑፍ «የጥርጥር ወሰን» እንለዋለን። ወሰኑ ያልተጻፈለት ቍጥር ግማሽ ቃል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ወሰን እንዴት እንደሚገመት ከባድ ሒሳብ ሳያበዙ ማስረዳትና፣ ጕድለት ታየ ተብሎ ዋጋ ከመቁረጥ ወይም ሰው ከመክሰስ በፊት ሊታሰብ የሚገባውን ማመልከት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ፍጹም የሆነ ልኬት የለም

በፓሪስ አጠገብ በሴቭር የሚጠበቅ፣ ከፕላቲነምና ከኢሪዲየም ቅይጥ የተሠራ አንድ የሚዛን ድንጋይ ከ1889 እስከ 2019 ድረስ ለዓለም ሁሉ የኪሎ ግራም ልክ ሆኖ ቈይቷል። ከእርሱ ጋር እንዲመሳሰሉ ሆነው የተሠሩት ቅጂዎች በየዘመኑ እየተወሰዱ ሲነጻጸሩ፣ በመቶ ዓመት ገደማ ውስጥ 50 ማይክሮግራም ያህል ተለያይተው ተገኙ። ማይክሮግራም የግራም ሚሊዮንኛ ክፍል ነው። ልዩነቱ በገበያ የሚታይ አይደለም፤ ነገር ግን በዓለም እጅግ በጥንቃቄ የተጠበቀው ድንጋይ እንኳ ከጥርጥር ነጻ እንዳልነበረ ያስረዳል። ከግንቦት 2019 ወዲህ ኪሎ ግራም በአንድ ድንጋይ መወሰኑ ቀርቶ፣ የፕላንክ ቍጥር በሚባለው የማይለዋወጥ የተፈጥሮ ልክ ተወስኗል። የሴቭሩ ድንጋይ ጥርጥር ካለው፣ አቧራና ንዝረት ባለበት መጋዘን ውስጥ የቆመው ሚዛን ጥርጥር አለው ማለት ሚዛኑን ማዋረድ አይደለም።

ሦስቱ የስሕተት ዓይነቶች

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንደ ተባለው፣ አስቀድሞ ስሕተቶችን በየዓይነታቸው መለየት ይገባል።

አንደኛው ግድፈት ነው። ይህ ቍጥርን አገላብጦ መጻፍ፣ አንዱን መስፈሪያ በሌላው መሳት፣ አንዱን ጆንያ ሁለት ጊዜ መቍጠር ነው። በሐምሌ 1983 አንድ የካናዳ የመንገደኞች አውሮፕላን ነዳጁ በአየር ላይ አልቆበት፣ ጊምሊ በተባለ ስፍራ በቀድሞ የአየር ኃይል ማረፊያ ላይ ያለ ሞተር ለማረፍ ተገድዷል። ምክንያቱም 22,300 ኪሎ ግራም ነዳጅ ሲያስፈልገው፣ ሊትሩን ወደ ክብደት የለወጡት ሰዎች ለኪሎ ግራም ሳይሆን ለፓውንድ በሚሠራው ቍጥር ስላባዙ፣ አውሮፕላኑ የተነሣው ከሚያስፈልገው ግማሽ እንኳ በማይሞላ ነዳጅ ነበር። በአብራሪዎቹ ችሎታ የሞተ ሰው የለም። እንዲህ ያለው ስሕተት በወሰን አይገመትም፤ ሁለተኛ ሰው ሒሳቡን ከመነሻው ሲሠራው ብቻ ይያዛል።

ሁለተኛው የሚዋልል ስሕተት ነው። አንዱን ጆንያ ደጋግመን ብንመዝነው ቍጥሩ በየጊዜው ጥቂት ይለዋወጣል። ነፋስ ይነካዋል፤ ጆንያው ከሚዛኑ መካከል ፈቀቅ ብሎ ይቀመጣል፤ መዛኙም ሚዛኑ ሳያርፍ ያነባል። ይህ ስሕተት አንዳንድ ጊዜ ወደ ላይ፣ አንዳንድ ጊዜ ወደ ታች ስለሚሄድ፣ ልኬቱ በበዛ መጠን እርስ በርሱ ይጣፋል።

ሦስተኛው የሚያዘነብል ስሕተት ነው። የሚዛኑ ዜሮ ሳይስተካከል ሲቀር፣ ወይም የሚዛን ድንጋዩ ከማርጀት ብዛት ሲያልቅ፣ ቍጥሩ ዘወትር ወደ አንድ ወገን ያደላል። ይህ ስሕተት መቶ ጊዜ ቢመዘንም አይጠፋም፤ መቶውም ልኬት በአንድነት ተሳስተው ይስማማሉ።

የሚያዘነብል ስሕተት በሰው ውስጥም ይገኛል። በ1796 በእንግሊዝ አገር የግሪንዊች የከዋክብት መመልከቻ አለቃ የነበሩት ኔቪል ማስክሊን፣ ረዳታቸው ዴቪድ ኪንብሩክ አንድ ኮከብ በመነጽሩ ውስጥ የተዘረጋውን ክር የሚያልፍበትን ሰዓት ከእርሳቸው 0.8 ሴኮንድ ያህል አዘግይቶ ይመዘግባል በማለት ከሥራ አሰናበቱት። ከብዙ ዓመታት በኋላ ጀርመናዊው ሊቅ ፍሪድሪክ ቤሰል ይህን ታሪክ አንብበው ራሳቸውን ከሌሎች የታወቁ ተመልካቾች ጋር ቢያነጻጽሩ፣ ጠንቃቃ የሆኑት ባለሙያዎች ሁሉ እርስ በርሳቸው ዘወትር የሚለያዩ ሆነው ተገኙ። የዓይንና የጆሮ ፍጥነት ከሰው ሰው ይለያያል። ኪንብሩክ ግን ይህ ከመታወቁ በፊት እንጀራውን አጥቶ ነበር። የአለቃው ቍጥር ትክክል፣ የረዳቱ ቍጥር ስሕተት የተባለው በልኬት ሳይሆን በማዕርግ ነው።

አንድ ጆንያ አምስት ጊዜ ሲመዘን

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ለምሳሌ ያህል አንድ የቡና ጆንያ አምስት ጊዜ ተመዝኖ 60.2፣ 59.9፣ 60.1፣ 60.3 እና 60.0 ኪሎ ግራም ሰጠ እንበል። አማካዩ 60.1 ነው። እያንዳንዱ ልኬት ከአማካዩ የራቀበት መጠን 0.1፣ 0.2፣ 0፣ 0.2 እና 0.1 ነው። እነዚህን እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዝተን ብንደምር 0.10 ይሆናል። ይህን ከልኬቶቹ ብዛት አንድ ባነሰው በ4 ብናካፍል 0.025 ይሆናል፤ የዚህ ስኩዌር ሩት 0.16 ገደማ ነው። እንግዲህ አንድ ነጠላ ልኬት በተለመደው ሁኔታ 0.16 ኪሎ ግራም ያህል ይዋልላል ማለት ነው። አማካዩ ግን ከአንዱ ልኬት የበለጠ ስለሚታመን፣ ይህን በ5 ስኩዌር ሩት አካፍለን 0.07 እናገኛለን።

አምስት ልኬት ጥቂት ስለ ሆነ በዚህ ላይ ጥንቃቄ መጨመር ያስፈልጋል። ይህን ጥንቃቄ በቍጥር የወሰኑት የዩኒቨርሲቲ መምህር ሳይሆኑ የንግድ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ዊልያም ጎሴት በደብሊን ከተማ በጊነስ የቢራ ፋብሪካ ሲሠሩ፣ በጥቂት ናሙና ላይ ተመሥርቶ እንዴት በትክክል መፍረድ እንደሚቻል አጥንተው በ1908 «ስቱደንት»፣ ማለትም ተማሪ፣ በሚል የብዕር ስም አሳተሙ። በእርሳቸው ሠንጠረዥ መሠረት ከመቶው 95 እጅ እንድንተማመን ከፈለግን፣ ለ5 ልኬቶች ማባዣው 2.78 ነው፤ ለ10 ልኬቶች 2.26 ነው፤ ልኬቶቹ እጅግ ሲበዙ ወደ 2 ይጠጋል። 0.07 በ2.78 ሲባዛ 0.2 ገደማ ስለሚሆን፣ የጆንያው ክብደት 60.1 ኪሎ ግራም ነው፤ የጥርጥሩም ወሰን ወደ ላይም ወደ ታችም 0.2 ነው ብለን እንጽፋለን።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነገር ለነጋዴ እጅግ ይጠቅማል። 450 ጆንያዎች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጊዜ ተመዝነው 27,000 ኪሎ ግራም ቢሆኑ፣ የመዋለሉ ስሕተት በ450 አይባዛም፤ የሚባዛው በ450 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም በ21 ገደማ ነው። ስለዚህ በጠቅላላው ጭነት ላይ የሚደርሰው 3.4 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነው። ሚዛኑ ግን በእያንዳንዱ ጆንያ 100 ግራም ቢያዘነብል፣ ስሕተቱ በሙሉ 450 ጊዜ ተደምሮ 45 ኪሎ ግራም ይሆናል። በቡና ንግድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ግራም ነውና፣ ይህ ከሁለት ፈረሱላ ተኩል ይበልጣል። ሲመዘን በዓይን የሚታየውና የሚያነታርከው መዋለሉ ነው፤ ገንዘብ የሚወስደው ግን ማንም የማያየው ማዘንበሉ ነው።

የመኪና ሚዛን

ጭነቱ ከነመኪናው ሲመዘን ደጋግሞ መመዘን ብዙ ጊዜ አይቻልም። ታዲያ ወሰኑ ከየት ይገኛል? በ1993 ሰባት ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ተባብረው ባሳተሙት የልኬት ጥርጥር መመሪያ መሠረት፣ ወሰንን በሁለት መንገድ መገመት ይቻላል። አንደኛው ከላይ እንዳየነው በመደጋገም ነው፤ ሁለተኛው ከምስክር ወረቀት፣ ከደንብና ከሥራ ልምድ በሚገኝ ዕውቀት ነው።

በዓለም አቀፉ የሕጋዊ ሥነ ልክ ድርጅት ደንብ፣ ለንግድ የሚሆን ሦስተኛ ደረጃ ሚዛን በሥራ ላይ ሳለ ሊኖረው የሚፈቀደው ስሕተት ተወስኗል። 20 ኪሎ ግራም በ20 ኪሎ ግራም እየዘለለ በሚያሳይ የመኪና ሚዛን ላይ፣ ለ42,000 ኪሎ ግራም ክብደት የሚፈቀደው ስሕተት 60 ኪሎ ግራም፣ ለ15,000 ኪሎ ግራም ደግሞ 40 ኪሎ ግራም ነው። ሙሉው መኪና 42,000፣ ባዶው 15,000 ቢመዝን፣ የተጣራው ጭነት 27,000 ኪሎ ግራም ይሆናል። ሚዛኑ ጤነኛ ነው፤ ደንቡንም አላፈረሰም፤ ሆኖም ጥርጥር አለው።

ወሰኑ እስከዚህ ድረስ ነው ከሚለው በቀር ሌላ ነገር በማይታወቅበት ጊዜ፣ መሐንዲሶች ወሰኑን በ1.73 ያካፍሉታል። እንግዲህ 60 ሲካፈል 35 ገደማ፣ 40 ሲካፈል 23 ገደማ ይሆናል። እነዚህን ለማዋሐድ በቀጥታ መደመር አይገባም፤ ሁለቱም ስሕተቶች በአንድ ጊዜ በመጨረሻው ወሰን ላይና በመጥፎው ወገን መገኘታቸው ብርቅ ነውና። ስለዚህ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ተባዝተው ይደመራሉ፤ የድምሩም ስኩዌር ሩት ይወጣል፤ ውጤቱ 42 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ሸቀጡ በተጫነበትና በተራገፈበት ስፍራ በሁለት ሚዛኖች ሲመዘን፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በዚያው ዘዴ 59 ገደማ ይሆናል። ከመቶው 95 እጅ ያህል ለመተማመን ይህን በ2 ብናባዛው 120 ኪሎ ግራም ያህል እናገኛለን።

ይህ አካሄድ የሚሠራው ስሕተቶቹ አንዱ ከሌላው ጋር ያልተያያዙ ሲሆኑ ነው። ሙሉውና ባዶው መኪና በአንድ ሚዛን ላይ በአንድ ቀን ከተመዘኑ ስሕተታቸው ወደ አንድ ወገን ሊሆን ይችላል፤ በዚያን ጊዜ አንዱ ከሌላው ሲቀነስ ወሰኑ ይጠባል። ስለዚህ 120 የጥንቃቄ ቍጥር ነው። እንግዲህ 27,000 ኪሎ ግራም ቡና ተጭኖ 26,940 ቢራገፍ፣ የ60 ኪሎ ግራሙ ልዩነት አንድ ጆንያ ተሰርቋል ለማለት አያስችልም። 26,700 ቢሆን ግን፣ የ300 ኪሎ ግራሙን ልዩነት ሚዛኖቹ ብቻቸውን ሊያመጡት አይችሉምና ምክንያቱን መመርመር ይገባል።

ስሕተት ያልሆነ ልዩነት

ምርመራው ግን ከሾፌሩ አይጀመርም። ከሁሉ አስቀድሞ ሸቀጡ ራሱ ተለውጦ እንደ ሆነ መታየት አለበት። ቡና በውስጡ ውኃ አለው። 27,000 ኪሎ ግራም ቡና ሲጫን የውኃው መጠን ከመቶ 12 ቢሆንና ሲራገፍ 11.5 ሆኖ ቢገኝ፣ አንዲት ፍሬ ሳትወድቅ 153 ኪሎ ግራም ያህል ይቀንሳል። የውኃውን መጠን የሚለካው መሣሪያ ራሱ በግማሽ ከመቶ የሚያጠራጥር ከሆነ፣ ይህን ያህል ኪሎ ግራም ከመሣሪያው ጥርጥር ብቻ ይመጣል። ስለዚህ ክብደቱ ሲጻፍ የውኃው መጠን አብሮ ካልተጻፈ ሁለቱን ክብደቶች ማነጻጸር ከንቱ ነው።

በነዳጅ ላይ ደግሞ ነገሩ ከዚህ ይብሳል። ናፍጣ በሙቀት ይሰፋል፤ በብርድ ይሰበሰባል። በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለውጥ ከእያንዳንዱ 1,000 ሊትር 0.83 ሊትር ያህል ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። በጅቡቲ ወደብ በ35 ዲግሪ ሙቀት 40,000 ሊትር የተቀዳለት መኪና፣ ወደ ደጋ ወጥቶ ነዳጁ በ20 ዲግሪ ቢለካ፣ አንድ ጠብታ ሳይፈስ 498 ሊትር ያህል ጐድሎ ይታያል። ይህ ስሕተትም ስርቆትም አይደለም፤ የተፈጥሮ ሕግ ነው። ሁለቱንም ልኬቶች ወደ አንድ የሙቀት መጠን መልሶ በማስላት ይታረማል። ከታረመም በኋላ ጥርጥሩ ፈጽሞ አይጠፋም፤ የሙቀት መለኪያው በአንድ ዲግሪ ቢሳሳት 33 ሊትር ያህል ያሳስታል። ሆኖም በ498 እና በ33 መካከል ያለው ርቀት የአንድ ሾፌር ስምና ደመወዝ ነው።

አንዱ መኪናና ሃያው መኪና

ከመቶው 95 እጅ እንተማመናለን ስንል፣ ከሃያ ጤነኛ ጭነቶች አንዱ ያለ ማንም ጥፋት ከወሰኑ ሊያልፍ ይችላል ማለታችን ነው። ስለዚህ በዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ወሰኑን ጥቂት ያለፈ ሠራተኛ ወንጀለኛ አይደለም። በአንጻሩ ደግሞ እያንዳንዱ በወሰኑ ውስጥ ቢሆንም፣ ሃያ መኪናዎች ሁሉ በተከታታይ ሃምሳ ሃምሳ ኪሎ ግራም ቢጐድሉ ነገሩ ዝም የሚባል አይደለም። የሚዋልል ስሕተት ቢሆን ኖሮ ከሃያው ገሚሱ ይተርፍ ነበር። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ማድላታቸው ከሁለቱ ሚዛኖች አንዱ እንዳዘነበለ፣ ወይም ከእያንዳንዱ ጭነት ላይ ዘወትር የሚቀነስ ነገር እንዳለ ያመለክታል።

ሁለቱን ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። ክብደቱ የማይለወጥ ጭነት፣ ለምሳሌ ብረት የጫነ መኪና፣ በአንድ ቀን በሁለቱም ሚዛኖች ላይ እንዲመዘን ይደረግ፤ የተቃጠለው ነዳጅም ይታሰብለት። ልዩነቱ እንደዚያው ከታየ ጥፋቱ የሚዛን ነው። ካልታየ ግን ነጋዴው መንገዱንና መጋዘኑን ለመመርመር በቂ ምክንያት አለው። የጥርጥርን ወሰን ማወቅ ንጹሑን ሰው ያድናል፤ በጥቂት በጥቂቱ የሚወስደውንም ይገልጣል።

በሥራ ላይ እንዴት እናውለው

ይህ ሁሉ በንግድ ቤት ውስጥ እንዲሠራ ትልቁ መሣሪያ የመረከቢያ ሰነዱ ነው። እኛ ጸሓፊዎች በሰነዱ ላይ ክብደቱን ብቻ ስንጽፍ ለክርክር በር እንከፍታለን። ስለዚህ የሚከተሉት አምስት ነገሮች አብረው ቢጻፉ ይበጃል።

1ኛ፤ የተመዘነበት ሚዛን የትኛው እንደ ሆነ፣ በስንት ኪሎ ግራም እየዘለለ እንደሚያሳይና በሥነ ልክ ባለሙያዎች የተፈተሸበት ቀን። የኤሌክትሪክ ሚዛን ብዙ አኃዝ ስላሳየ ብቻ ትክክል ነው ማለት አይደለም።

2ኛ፤ ስንት ጊዜ እንደ ተመዘነና ከመመዘኑ በፊት ዜሮው መታየቱ።

3ኛ፤ ለእህልና ለቡና የውኃው መጠን፣ ለነዳጅ የሙቀቱ መጠን።

4ኛ፤ ቍጥሩን ያነበበው ሰው ስምና፣ ሒሳቡን ሁለተኛ ሆኖ ያረጋገጠው ሰው ስም።

5ኛ፤ ከክብደቱ ቀጥሎ የጥርጥሩ ወሰን።

ከዚህም በላይ ውል ሲጻፍ የትኛው ሚዛን የመጨረሻ እንደሚሆንና እስከ ስንት ከመቶ ያለው ልዩነት ጕድለት እንደማይባል አስቀድሞ ቢወሰን፣ ሻጭም ገዢም ከብዙ ሙግት ይድናሉ። ወሰኑ የሚታመነው ጭነቱ ከመነሣቱ በፊት ሲጻፍ ነው፤ ጕድለት ከታየ በኋላ የሚጻፍ ወሰን ለአንደኛው ወገን ማድላቱ አይቀርም። የአገሩን ሕግና የሚዛኑን የምስክር ወረቀት መመልከትም ግዴታ ነው፤ ከላይ የሰጠናቸው ቍጥሮች አካሄዱን ለማሳየት የቀረቡ ናቸውና፣ እያንዳንዱ ቤት በራሱ ሚዛን ልክ ሊያሰላቸው ይገባል።

ዐሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቍረጥ ሲባል የምንሰማው ስለ ልብስ ሰፊና ስለ አናጢ ብቻ አይደለም። ደመወዝ መቍረጥም መቍረጥ ነው፤ የደንበኛን ወዳጅነት መቍረጥም መቍረጥ ነው። ሚዛኑ የሚናገረውን ብቻ ሳይሆን የማይናገረውንም የሚያውቅ ነጋዴ፣ ገንዘቡንም የሠራተኛውንም ስም በአንድነት ይጠብቃል ብለን እናምናለን።